«በጥንቃቄ ንዱ» ላላችሁን

ለ፦ ድርጅታችን የሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በበረዶ ቀን ባዶ ጋራዥ ስለመጠበቅ

ያ ሁሉ በረዶ በጣለበት ሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የላካችሁልንን ቴክስት እስካሁን ከስልኬ አላጠፋሁትም። «ጋራዦቻችን ሁሉ ክፍት ናቸው። ሁሉም ሠራተኛ በሰዓቱ ይገኝ። በጥንቃቄ ንዱ።» ስለ ጥንቃቄው ከልብ አመሰግናለሁ። መኪና የለኝም እንጂ እነዳ ነበር።

ይህን ያህል ተፈላጊ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ማታውኑ መዘጋታቸው ተነግሯል፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። የአሜሪካ መንግሥት አንድ ቀን ያለ ጸሐፊዎቹ መዋል እንደሚችል አምኖ ተኝቷል። እናንተ ግን የጋራዡ ምድር ቤት ሁለተኛው ፎቅ ያለ እኔ አንድ ሰዓት እንደማይቆይ ተረድታችኋል። እናቴ ይህን ብትሰማ ዕልል ትል ነበር።

አውቶቡስ ስላልነበረ ከምኖርበት ከኮሎምቢያ ፓይክ ድልድይ አሻግሮ ያመጣኝ ኡበር የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። የአገሬ ልጅ ስለሆነ ሒሳብ አልተቀበለኝም። ቁልቁለቱ ላይ ቀይ መብራት አይቶ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችውም፣ መብራቱን አልፋ መስቀለኛው መሐል ገብታ ቆመች። ሁለታችንም ለጊዜው ቃል አልወጣንም። ከዚያ በኋላ እንዳላችሁን በጥንቃቄ፣ በእግረኛ ፍጥነት ነዳን። አርባ ደቂቃ አርፍጄ ክሎክ ኢን አደረግሁ፤ ግማሽ የቅጣት ፖይንት ተያዘብኝ። የጥንቃቄ ዋጋው ግማሽ ፖይንት መሆኑን ከቴክስቱ ሥር ብትጽፉት መልካም ነበር።

ጋራዡ ውስጥ የጠበቀኝ ዓርብ ማታ የቀረች አንዲት ግራጫ ቶዮታ ነበረች። ራምፑ ላይ ጨው በተንኩ፣ አካፋ ይዤ የእግረኛውን መንገድ ጠረግሁ፣ ቡዝ ውስጥ ገብቼ ሂተሯን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እስከ ማታ አንድም ጎማ አልወረደም። መኪናቸውን የሚያቆሙልን ሰዎች እኮ እነዚያው ቢሯቸው የተዘጋ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው! አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ደውሎ፣ «መኪና የለም፤ ምኑን ነው የምንጠብቀው?» ቢለው፣ «ጋራዡን» ተባለ። በዚህ በረዶ ማን ተሸክሞት እንደሚሄድ ግን አልተነገረንም።

እዚህ ላይ ልግመኛ አትበሉኝ። በበረዶ ቀን ማንም ከቤቱ አይውጣ የሚል ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። እሷ ብትቀር የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሰው የሚያገላብጠው፣ መድኃኒቱን የሚያቀብለው ይጠፋል፤ ስለዚህ ትሄዳለች። ነገር ግን አለቆቿ ከዋዜማው ልብስሽን ይዘሽ ነይ ብለው አልጋ አዘጋጁላት፣ ራትም አበሏት። ሥራው የግድ መሆኑን ያመነ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እናንተ «ኤሴንሻል»፣ የግድ አስፈላጊ፣ ብላችሁኝ የላካችሁልኝ ግን ቴክስት ብቻ ነው።

ደግሞ በረዶን የሚፈራ አበሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 ጃንዋሪ በዚያ ታላቅ በረዶ ሜትሮ ራሱ ቅዳሜና እሑድን ባቡሩንም አውቶቡሱንም አቁሞ ቤቱ ውሏል። በ2022 ጃንዋሪ የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ከሪችመንድ ተነስቶ ወደ ሥራው ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ፣ ከተለመደው ሁለት ሰዓት ይልቅ 27 ሰዓት አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ በበረዶ ታግቷል። መኪናዎቹ መሐል እየዞረ ብርቱካን የሚያድል አንድ ቤተሰብ አግኝቶ ከብርቱካኑ በልቷል። እሱ ሴናተር ነው፤ ቢያረፍድም ፖይንት አይያዝበትም። በብርድ ምክንያት ቃለ መሐላቸው ከውጭ ወደ ካፒቶል አዳራሽ የተዛወረላቸው ፕሬዚዳንቶችም አሉ፤ ሬገን በ1985፣ ትራምፕ በ2025። ሁለቱም ሪፐብሊካን ስለሆኑ ብርድ መፍራት የግራ ዘመም ወሬ ነው ማለትም አይቻልም።

ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን አውቃለሁ። በፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ፣ መሥሪያ ቤት በበረዶ አንድ ሁለት ቀን ቢዘጋ፣ በዚያ ሳምንት ጥቂትም የሠራ ቋሚ ደመወዝተኛ፣ ማለትም እንደ እናንተ ያለው፣ ደመወዙ አይነካም። የሰዓት ተከፋይ ግን ላልሠራው ሰዓት የሚከፈለው የለም። ስለዚህ ጋራዡ ሲዘጋ እናንተ በሙሉ ደመወዝ ታርፋላችሁ፣ እኔ የቤት ኪራዬን እያሰብኩ አርፋለሁ። ጋራዡ ሲከፈት ደግሞ እናንተ ከሳሎናችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ እኔ በእግሬ። ክፈት አትበሉኝ ብዬ ብጮህ ዞሮ ዞሮ ኪሴን የምጎዳው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ሳታውቁት አልቀራችሁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ትኬት የሚሰጥ፣ ካርድ የሚቀበል፣ በሩን የሚከፍት ማሽን ገዝታችሁ ተክላችኋል፤ ይህ ማሽን ወደ ሥራ ለመምጣት ድልድይ አያቋርጥም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተዘጉ ቀን እሱ ይጠብቅ፣ የእኛም የዕለት ክፍያ አይቆረጥ። ይህ ካልሆነና የግድ እንድንመጣ ካስፈለገ፣ የንጋቱን ቴክስት የሚልከው ሰው ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ይላክልን። ሂተሯን በደስታ እለቅለታለሁ።



ከሰላምታ ጋር
የምድር ቤት ሁለተኛ ፎቅ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለጨው በታኝ መኪና ሾፌሮች
ለጎረቤቴ፣ ለኡበሩ
ለግራጫዋ ቶዮታ ባለቤት (መኪናዎ ደህና ናት፤ ሒሳብዎ ግን እየቆጠረ ነው)