ከድሮው ብየዳ አንድ ጣት ራቅ ብሎ

ጥር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከቃሊቲ ተነሳን። ዐሥራ አንድ ሰው ነን። ውሃና ከመነዳሪ የጫነች አንዲት ፒካፕ ከኋላ ትከተለናለች። መድረሻችን ሐዋሳ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር። ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሙት ዓመቱን እናታችን በወጉ ዘክራለች። ይሄኛውን ያሰቡት እሱ ብየዳ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው፤ በስሙ ሳይክል እንንዳ፣ በኪሎ ሜትር ሂሳብ ገንዘብ እናሰባስብ፣ አቅም ያነሳቸውን ልጆች ሙያ እናስተምርበት አሉ።

እኔ የያዝኩት የራሱን ሳይክል ነው። መርካቶ አሮጌ ገዝቶ ያደሳት የብረት ኮርሳ ናት፤ ብየዳ ቤቱ የሚመላለሰው በእሷ ነበር። ሳይክል ነፍሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ፅጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲወዳደር፣ ብየዳ ቤቱ ቴሌቪዥን አስገብቶ ግራይንደሩን ሁሉ አስጠፍቶ ነበር። ኮርሳዋ አንድ ጊዜ ከመሪው ሥር፣ የታችኛው ቱቦ ከአንገቷ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰብራ ራሱ በይዷታል። ቀለም አልቀባውም። "ይታይ" አለ።

ሙያው በምርቃት የጀመረው አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ተግባረ ዕድ እገባለሁ ሲል ቤታችን የተነሳውን ጭቅጭቅ አልረሳውም። አባታችን "የኔ ልጅ ቀጥቃጭ ሊሆን?" ብሎ እህል አልቀምስ አለ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን አትሳደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዘጠና ዓመት ሙሉ ያ አዋጅ እኛ ቤት አልደረሰም ማለት ነው። ዛሬስ ቢሆን ልጄን በያጅ አድርግልኝ ብሎ የሚሳል ወላጅ ስንቱ ነው?

ፈጣን መንገዱ ለሳይክል ስለማይፈቀድ በድሮው ሄድን። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። እስከዚያ ቁልቁለቱ ይበዛል፤ የሚያስፈራው ጆሮ ሥር እየጮኸ የሚያልፈው አይሱዙና ተሳቢ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሜዳ ሆነ። ያኔ ደግሞ ነፋሱ ተነሳ።

መቂ ለመግባት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪው በእጄ ላይ ለሰለሰብኝ። ወርጄ ብዳስስ የታችኛው ቱቦ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ፀጉር ነው የሚያክለው። የወንድሜ ብየዳ ግን እንዳለ ነው። የተሰነጠቀው ከእሱ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ነው።

ጓደኞቼ ፒካፗ ላይ እንጫናት አሉ። እምቢ አልኩ። ዱባይ ያለው የቀድሞ ተማሪው ቃል የገባው እኔ ለምነዳው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ሳይክሏ በጎማዋ ለሄደችው ነው። "የጋሼን ሳይክል ቁጠሩልኝ" ነበር ያለው። ስድስቱን ኪሎ ሜትር በቀትር ፀሐይ እየገፋኋት ገባሁ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ የአህያ ጋሪዎች እየቀደሙኝ አለፉ። አንዱ ጋሪ ነጂ ቆሞ ልጫንልህ አለኝ፤ አመስግኜው ቀጠልኩ።

መቂ አንዱ ጎሚስታ ጠቁሞኝ ብየዳ ቤት ደረስኩ። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያገኘሁት ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ነው፤ ቱታዋ ክርኑ ድረስ ተጠቅልሏል። ባለቤቱ ለዕቃ ሻሸመኔ ሄዷል አለች። ሌላ ቦታ ልፈልግ ብዬ አስቤ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። እሷ ግን ሳይክሏን ገልብጣ ቱቦውን በጨርቅ ጠረገችው፣ ከዚያ ጣቷ የድሮው ብየዳ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄን የበየደው ማነው?"

"ወንድሜ ነው።"

"አሁንም ይሠራል?"

"አርፏል።"

"ነፍስ ይማር" አለች። ትንሽ ዝም ብላ "ይሄን አልነካውም" ብላ ቀጠለች።

የሠራችውን ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልጋ በድሪል ትንሽ ቀዳዳ አወጣችለት። ካልበሳሁት ከብየዳው ሥር ሾልኮ ይሄዳል አለችኝ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፍቃ ብረቱን አነጣችው። ቱቦው ስስ ስለሆነ እንዳይቀልጥባት የማሽኑን ኃይል ዝቅ አድርጋ፣ በቀጭኑ ኤሌክትሮድ ነጥብ ታደርጋለች፣ ታቆማለች፣ እስኪበርድ ትጠብቃለች፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሌላ ነጥብ። ከመካከላችን አንዱ ቶሎ እንዲበርድ ውሃ ሊያፈስበት ሲል ጭንብሏን ገፋ አድርጋ "ኧረ ተው! ውሃ ካየ ይሰነጠቃል" አለችው። በመጨረሻ ከላሜራ ግማሽ ክብ ቆርጣ ደረበችበት። ሁሉም ሲያልቅ ሁለቱ ብየዳዎች ጎን ለጎን ሆኑ፤ የእሱ ጠቁሯል፣ የእሷ ገና ሰማያዊ ነው።

"አራት መቶ ብር" አለች። ሳልከራከር ከፈልኩ። ወንድሜ በነፃ ሥራልኝ የሚለውን ሰው አይወድም ነበር፤ እጁ እንጀራው ነው።

ከዚያ የት እንደምንሄድና ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የሙያ ትምህርት የሚለውን ስትሰማ እጇን በቱታዋ ጠርጋ ጠጋ አለች።

"የማታም አለው?"

የለውም። ያዘጋጀነው አዲስ አበባ ላይ፣ በቀን ለሚማሩ ልጆች ነው። ሥራውን የለመደችው እዚሁ በእጇ ነው፤ ድሮዊንግ ማንበብ አታውቅም፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲንም አልተፈተነችም። ያለዚያ ወረቀት ትልቅ ሳይት አይቀጥራትም። ቀን ሥራዋን ከተወች ደግሞ ታናናሾቿን የሚያበላ የለም። ስልኳን ተቀብዬ ወጣሁ።

ባቱ የገባነው መሽቶ ነው። በማግስቱ ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ያለውን ዳገት አብዛኛውን በእግሬ ነው የወጣሁት። ጥያቄዋ አብሮኝ ይወጣል። እኛ ያሰላነው የትምህርት ክፍያ ብቻ ነበር። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ክፍያ እኮ ብዙውን ልጅ የሚያስቀር አይደለም፤ የሚያስቀረው የታክሲው፣ የምሳው፣ የቤት ኪራዩ፣ ሲማሩ የሚቀረው የቀን ገቢ ነው። ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር። ልጆቹን ሲያስተምር ምሳ እያበላ፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ትንሽም ቢሆን እየከፈለ ነበር። እኛ በስሙ ተነስተን ይህን ረሳነው። ዳገቱ ላይ ያመመኝ እግሬ አልነበረም።

ከሻሸመኔ በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ሐዋሳ ስንገባ ፀሐይ ሐይቁ ላይ እየወረደች ነበር። ቱቦው አንዲት ድምፅ አላሰማም። ያን ማታ ሻይ ላይ ነገሩን አነሳሁት፤ የልጆቹን ቁጥር ቀንሰን ምሳና ትራንስፖርት እንጨምርበት አልኩ። ተከራከርን። አንደኛው፣ ቃል ለገቡ ሰዎች ዐሥር ልጅ ብለን እንዴት አምስት እናደርጋለን አለ፤ ልክ ነው፣ መልስም አልነበረኝም። ሌላው፣ ዐሥር አስገብተን ሰባቱ መንፈቅ ሳይሞላቸው ቢያቋርጡስ አለ። ዱባይ ደወልንለት። ሁሉንም ሰምቶ "ጋሼ ምሳ አብልቶኛል" አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ቁጥሩን ወደ አምስት አወረድነው፣ ምሳና ትራንስፖርት ገባበት፣ ከአምስቱ አንዱ የማታ ይሁን ተባለ፤ መቂ ወይም ባቱ አካባቢ የሚያስተምር ቦታ የማፈላለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩላት። ከጀርባዋ ግራይንደር ይጮሃል።

"ጋሼ፣ ሳይክሏ ደረሰች?"

"ደርሳለች። ለሌላ ጉዳይ ነው የደወልኩት።"

"አልሰማሁም፤ ቆይ፣ ይሄን ላጥፋው" አለች።