ወንበሩ መጥቷል፣ ሰው ፈልጉለት

የዊልቸር ርክክብ ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ባነር ይሰቀላል። ከዚያ ዊልቸሮቹ ላስቲካቸው ሳይገፈፍ በሰልፍ ይደረደራሉ። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ተረካቢዎቹ ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ፤ የክብር እንግዳ ደግሞ በሰዓቱ ከመጣ ክብሩ ይቀንሳል። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። በዚህ ሁሉ መሐል «ለመሆኑ የማን ወገብ ስንት ሴንቲ ነው?» የሚል አይገኝም።

ሱሪ ስናሰፋ ወገብ፣ ታፋና ቁመት እንለካለን፤ አንድ ሰው ከጧት እስከ ማታ የሚውልበትን ወንበር ግን በጅምላ እናድላለን። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ለአዋቂ በተሠራ ዊልቸር ውስጥ ሰምጣ አየሁ። እግሯ ማሳረፊያው ላይ አይደርስም፤ ክንዷም ጎማውን ለመያዝ አጥሯል። እናትየው «ትንሽ አልሰፋትም?» ቢሉ ከኮሚቴው አንዱ እንደ ዩኒፎርም ሻጭ ፈገግ ብሎ «ምን ችግር አለው እናቴ፣ ታድግበታለች» አላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚታደለው በየሆስፒታሉ ኮሪደር የምናየው ዓይነት ነው። እሱ የተሠራው በሽተኛን ከክፍል ወደ ክፍል ለማድረስ ነው፤ ከኋላ የሚገፋ ሰው አለ ተብሎ። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ያለ ተስማሚ ትራስ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥበት ሰውነቱ ይቆስላል። ስለማያመውም ቁስሉን የሚያውቀው ሌላ ሰው አይቶ ሲነግረው ነው፤ እስከዚያ ከከፋ ደግሞ ለሞት የሚያበቃ ቁስል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት ስምንት ደረጃ እንዳለው ዘርዝሯል፤ መለካቱ፣ በልክ ማስተካከሉ፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠኑ፣ ጥገናውና ክትትሉ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኛ ጋ በደንብ የሚሠራበት ዘጠነኛው ነው፤ ፎቶው።

ለነገሩ አካል ጉዳት ሲባል ወንበር ብቻ የሚታየን ያለ ምክንያት አይደለም። በየሕንፃውና በየመኪና ማቆሚያው የሚለጠፈውን ሰማያዊ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1968 የነደፈችው ሱዛን ኮፎድ የተባለች ዴንማርካዊት የዲዛይን ተማሪ ነበረች። መጀመሪያ የሣለችው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ኋላ ለጭንቅላት የሚሆን ክብ የጨመሩበት ካርል ሞንታን የተባሉ ሰው ናቸው። አንዳንዴ ሳስበው እኛ ዘንድ የደረሰው የፊተኛው ንድፍ ይመስለኛል።

አውሮፕላን ጣቢያ ሄዳችሁ እዩ። ነጭ በትር የያዘ፣ ሻንጣውን የሚጎትት፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ጎልማሳ ይመጣል። አንድ ወጣት ዊልቸር እየገፋ ሮጦ ይደርስበታል።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«እግሬ ጤነኛ ነው፤ ክንድህን ብቻ ስጠኝና እንሂድ።»

«የተመዘገበልዎት ዊልቸር ነው።»

ለወጉማ አየር መንገዶች ለዓይነ ስውር አንድ፣ መስማት ለተሳነው ሌላ ኮድ አላቸው። ለዊልቸር እንኳ ደረጃ መውጣት የሚችለውን፣ የማይችለውንና ጭራሽ መራመድ የማይችለውን የሚለዩበት ሦስት ኮድ አለ። ሰውየው ግን በረራው እንዳያመልጠው ተቀመጠ፤ ሻንጣውን ጭኑ ላይ፣ በትሩን አጣጥፎ ሻንጣው ላይ አድርጎ። ያየው ሁሉ «አይ፣ በሁለት በኩል!» እያለ ከንፈሩን መጠጠለት።

የመስሚያ መሣሪያ ነገርማ አይነሳ። ምርመራ የለ፣ በጆሮ ልክ የወጣ መሰኪያ የለ፤ «ሁሉንም ድምፅ ከፍ ያደርግልዎታል» ተብሎ ይሰጣል። ሁሉንም ማለት ሁሉንም ነው፤ ሰሃኑን፣ ጡሩምባውን፣ የጎረቤቱን ውሻ ጩኸት። ልኩ ያልሆነው ደግሞ ጆሮ ላይ ያፏጫል። ባትሪው በሳምንት በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ መሣሪያውን በእርዳታ የሰጠ ሰው ስለ ባትሪው ሲጠየቅ አገር ውስጥ አይገኝም።

አንድ ራሱን አካታች ብሎ የሰየመ መሥሪያ ቤት ደግሞ አለ። ምንም የማያይ የሕግ ባለሙያና በከፊል የምታይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀጥሯል። የሕግ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ኤንቪዲኤ የተባለውን፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር ራሱ ጫነ። ይህን ሶፍትዌር አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምሮት ዓይነ ስውር ጓደኛው አግዞታል፤ ዋጋው ዜሮ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ለስክሪን ሪደር በጀት የጠየቀበት ደብዳቤ ገና መልስ ይጠብቃል። ሰውየው የለመነው ደብዳቤዎቹ በተጻፉበት ፋይል እንዲላኩለት ብቻ ነበር። «ማኅተም ሳይኖረው?» ተባለ። ታተመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ስካን ተደርጎ ተላከ። ስክሪን ሪደሩ ወረቀቱን ቢመለከት ምስል ነው ብሎ ዝም አለ። አለቃው ነገሩን ሲሰሙ በቅንነት አዘኑ፤ በማግስቱ ያንኑ ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል አሳትመው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

በዓመቱ ማብቂያ የተረፈ በጀት ተገኘና ለሁለቱም «ቴክኖሎጂ» ተገዛ። ለምንም የማያየው የሕግ ባለሙያ አምፖል ያለው ማጉያ ሌንስ ደረሰው። ፊደል ሲተልቅላት አሳምራ ለምታነበውና ብሬል ተምራ ለማታውቀው ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አምስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፐርኪንስ የብሬል ታይፕ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡላት። ሁለቱም ፈርመው ተረከቡ፤ ፎቶም ተነሡ። በሳምንቱ ሌንሱ መዝገብ ቤት፣ ታይፑ ሕግ ክፍል ተገኘ። ሁለቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተለዋውጠዋል።

ከንብረት ክፍል ወዲያው ደብዳቤ ደረሳቸው፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በስማቸው የተመዘገበ ንብረት ያለ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ የሚጠይቅ ነው። የሕግ ባለሙያው ደብዳቤውን አላነበበውም። ስካን ተደርጎ ነው የተላከለት።