ባቡሩ እሑድ እንደማይሠራ በጽሑፍ ይገለጽልን

ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሸሕዲ–ገዳሪፍ (ሱዳን) ባቡር የቅዳሜና እሑድ የጉዞ ሰሌዳ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

በአውሮፓ አገሮች መንገደኛው መከራውን ያያል አሉ፤ የሥራ ቀን ሰሌዳ ሌላ፣ የቅዳሜው ሌላ፣ የእሑዱ ሌላ። ይባስ ብሎ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሰሌዳው እንዳለ ይቀየራል። የእኛ መስመር ግን ሰኞም እሑድም አንድ ነው። ዘግይቶ አያውቅም፣ ተሰርዞም አያውቅም። ሐዲድ ስለሌለው።

የምንጽፈው ሐዲዱ ድንገት መጥቶ ሳንዘጋጅ እንዳያገኘን ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ በፈረንጆቹ 2021 አዲስ አበባን ከካርቱምና ከፖርት ሱዳን ለሚያገናኝ መስመር ጥናት 1.2 ሚሊዮን ዶላር መፍቀዱን ሰምተናል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ጦርነት ላይ ስለሆነች እኛም አንጣደፍም። በዚህ ፋታ ግን የቀኑን ነገር እንጨርስ።

ሱዳን የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። የእኛ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቅዳሜና እሑድ። ሁለቱም እንደየሕጋቸው ካረፉ ዓርብ በሱዳን በኩል ያለው የድንበር ከተማ ጋላባት ይዘጋል፣ እሑድ በእኛ በኩል ያለው መተማ ዮሐንስ፣ ቅዳሜ ሁለቱም። ሐሙስ ባቡር ያመለጠው የሸሕዲ ነጋዴ እስከ ሰኞ ጆንያው ላይ ይተኛል ማለት ነው። ጅቡቲም ዕረፍቷ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተገኘውን ልምድ ብታካፍሉን ደስ ይለናል። ሰሊጥ ግን ሰኞን አይጠብቅም፤ ደርቆ ከፈነዳ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለአጨዳ የሚጎርፈው የወቅት ሠራተኛ፣ ሳሉግም፣ እሑድ ነው ብሎ ማጭዱን ሲያስቀምጥ አላየንም።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። ሱዳን በፈረንጆቹ 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ባቡሩ ከመተማ ዮሐንስ ጠዋት 3፡00 ተነስቶ የድንበሯን ወንዝ ቢሻገር፣ በአምስት ደቂቃ ጋላባት ሲደርስ የዚያ ሰዓት 8፡05 ይላል። የእኛ ሰው በራሱ አቆጣጠር አስልቶ አምስት ሰዓት እንደፈጀበት ያምናል። ባቡር ነውና ማንም አይገረምም። ሲመለስ ግን ከጋላባት 8፡00 ተነስቶ መተማ 3፡05 ላይ ይገባል፤ ይህን ለመንገደኛው የሚያስረዳ ባለሙያ ከወዲሁ ይቀጠርልን።

የሐዲዱን ስፋት እንዳንነካ ተመካክረናል። የእናንተ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ በፈረንጆቹ 1928 ገዳሪፍ የገባው የሱዳኑ 1,067። መንገደኛው ድንበር ላይ ወርዶ ዕቃውን ተሸክሞ ይሻገራል። ይሄንንማ ዛሬም ያለ ባቡር እየሠራነው ነው።

ጥያቄያችን ትንሽ ናት። ሙሉውን ሰሌዳ አሁኑኑ አንልም። «ባቡሩ እሑድ አይሠራም» የሚል አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ይላክልን። እሑድ የማይሠራ ባቡር ሌላ የሚሠራበት ቀን አለው ማለት ነውና፣ ደብዳቤውን አዳራሻችን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሰኞን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሸሕዲ ተሳፋሪዎች (ወደፊት)

ግልባጭ፦
ለገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ (ዓርብ ካልደረሰ)
ለሐራ ገበያ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡር ለመጠበቅ ከኋላችሁ ተራ መያዛችን እንዲታወቅ
ለባጃጅ ማኅበራት፣ እስከዚያው ሥራችሁን ቀጥሉ