የማይገባ ፓች

ደብረ ታቦር ላይ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ሆኗል፤ «ያ ፓች እንቢ አለ!» ባህር ዳር ያለው ልጅ ያስተካከለውን ከኮድ ማሳያው ድረ ገጽ ያወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ይጭናል፣ በወረታ በኩል ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። እዚህ ደርሶ ለማስገባት ሲሞከር የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የተበላሸ ፓች ነው ብሎ ይመልሰዋል። የልጁ ሥራ ትክክል ነው፤ ኮዱም ሰርቨሩ ላይ ደህና ተቀምጧል። የተበላሸው የማውረጃው ቁልፍ ተጭኖ ፋይሉ እስኪወጣ ባለችው ቅጽበት ነው።

ፓች ከኮዱ የተነሳውን መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የገባውን በመደመር ምልክት የሚያሳይ ተራ ጽሑፍ ነው። ላሪ ዎል ይህን ጽሑፍ አንብቦ እርማቱን ራሱ የሚያስገባ ፕሮግራም ያወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ዛሬም ፓች በኢሜይል ይላላካሉ። ለእኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሙሉ ሪፖዚተሪ (የኮዱን ማኅደር ከነታሪኩ) ከሰርቨር ማውረድ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነበር። ጥቂት ኪሎባይት ያላት ፋይል ግን በሰው እጅም ትደርሳለች። ታዲያ የምትደርሰው ፋይል ተበላሽታ ስትመጣ እንዴት አያንገበግብ?

ምክንያቱን ደጋግመን አይተነዋል። እነዚህ ማሳያዎች መጀመሪያ የተሠሩት ኮዱን በብራውዘር ለማየት ነው። ማውረጃው በኋላ የተጨመረ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ገጹን የሚያስውበው ኮድ ፓቹንም እንዲያዘጋጅ ይደረጋል። ለገጽ ሲባል የ«ይበልጣል» እና የ«ያንሳል» ምልክቶች ወደ ኤችቲኤምኤል ስያሜ ይለወጣሉ፤ ታብ ወደ ባዶ ቦታ ይቀየራል፤ የመስመር መጨረሻ ይነካካል። ለዓይን ምንም አይደለም። ፓች ግን ከነባሩ መስመር ጋር ፊደል በፊደል ካልተመሳሰለ ቦታውን አያገኝም። ከማውረጃው ይልቅ ከገጹ ላይ ኮፒ ማድረግም እነዚያኑ ታቦች ያጠፋል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ።

ከሁሉ የሚያመው ግን የፊደላችን ነገር ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማሳያው የጽሑፉን ዓይነት ሳይጠይቅ በላቲን ኮድ ካነበበው አንዱ ፊደል ሦስት ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይሆናል። ይህ ቢያንስ በድካም ይመለሳል። በጥያቄ ምልክት የሚተካው ግን ጨርሶ አይመለስም፤ «ይመዝገቡ» የሚለው ቁልፍ አምስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ አለቀ።

የፋይል ስምስ? ጊት ካልተከለከለ በስተቀር የአማርኛ ስም በቁጥር ጽፎ ነው የሚያወጣው፤ «ሀ» ብቻዋን \341\210\200 ትሆናለች፤ «ደብረታቦር» የሚል የፋይል ስም 72 ምልክት ይፈጃል። ይህ በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ጊት መልሶ ያነበዋል። መከራው የሚመጣው ማሳያው በመሀል ገብቶ ስሙን የከበቡትን ጥቅሶች ሲቆርጥ ወይም የኋሊት ስላሹን ሲደግም ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ዓይናችን እያየ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ጊት «የለም» ይላል። የመመረቂያ ፕሮጀክት በቡድን የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ? ስሙን በእንግሊዝኛ እናድርገው። ልጆቹ በቋንቋቸው ፋይል መሰየምን የሚተዉት በዚህ ዓይነት ጉድለት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። ፋይሉ ያለ መጨረሻ አዲስ መስመር ካለቀ ጊት ይህንኑ የሚናገር ማስታወሻ ፓቹ ላይ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ማሳያ ማስታወሻውን ትርፍ መስሎት ይጥለዋል። የግዕዝ ፎንት ወይም ምስል ከተለወጠ ፓቹ ውስጥ የሚገኘው «ባይነሪ ፋይሎቹ ይለያያሉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ፎንቱ የለም። ሁለት ብራንች (የኮድ ቅርንጫፎች) የተዋሃዱበትን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ሲያወርዱት ደግሞ አንዳንዴ ባዶ ፋይል ይወርዳል፣ ያውም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ።

ጉድለቱን የሚያስታውቅ ሰው ከማሳያው ሠሪዎች የሚያገኘው መልስ ልብ ያደርቃል፤ «እኛ ጋ ይሠራል።» እዚያማ ይሠራል፤ የሞከሩት በእንግሊዝኛ ፋይል ነው። ሲታረምም አንዱ ይስተካከልና ለእርማቱ መፈተኛ ስለማይጻፍለት በሚቀጥለው እትም ተመልሶ ይመጣል። እኛም ከመጀመሪያው እንደገና እንጀምራለን።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማውረጃው ከገጹ ማስዋቢያ ይለይ፤ ጊት ያወጣውን ባይት ሳይነካ ያሳልፍ፤ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ለብራውዘሩ ይንገር፤ ባይነሪውን ከነሙሉ መለያ ቁጥሩ ያካትት። መፈተኛውም የአማርኛ ስም ያለው፣ በአማርኛ የተጻፈና ያለ አዲስ መስመር የሚያልቅ ፋይል ይኑረው፤ ፓቹ ይውረድ፣ ከኮሚቱ በፊት በነበረው ኮድ ላይ ይግባ፣ ውጤቱ ከኮሚቱ ጋር ይመሳከር። አንድ ባይት ከተለየ እትሙ አይውጣ።