ጨረቃን ምን ላድርጋት?

ልጄ ከባሕር ማዶ ካሜራ ላከልኝ። «አባዬ፣ የጨረቃን ጉድጓድ ሳይቀር ያሳያል» አለኝ በስልክ። ጨረቃን ምን ላድርጋት? ኢሉባቦር፣ ጎሬ የተወለደ ሰው የአገሩን ሰማይ እንዴት ይረሳል? እኛ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩን የምናውቀው ቆርቆሯችን ላይ በሚያሰማው ጩኸት ነው። ጨረቃም ብትሆን የምትወጣው ጉሙ ሲፈቅድላት ነው። እኔ ማንሳት የምፈልገው ደጄ ላይ ያለውን የቡና አበባ ነው። እሱም ዝናብ አግኝቶ ከፈነዳ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ መርገፍ ነው።

ካሜራው ብሪጅ የሚሉት ዓይነት ነው። ሌንሱ አይፈታም፣ አይቀየርም። ጠባዩን ልንገራችሁ። ዙሙን ሳትስቡ ካያችሁበት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠጉ ይላል። አንድ ሴንቲ ሜትር! እዚያ ድረስ የተጠጉባት ንብ ፎቶ አትነሳም፣ ትናደፋለች። ባትናደፍ እንኳ የሌንሱ ጥላ አበባውን ያጨልመዋል። እሺ ብዬ ዙሙን ስስብ ደግሞ አንድ ሜትር ከዚያም በላይ ካልራቅህ አይጠራልኝም ይላል። ጨረቃን ከ384,000 ኪሎ ሜትር የሚያየው ጉድ፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን ጉንዳን አላየሁም ብሎ ይከራከራል!

መላው መነጽር ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ጋዜጣ ለማንበብ መነጽር አደርጋለሁ፤ እሱም ቅርብ ለማየት ያንኑ ይሻል። በሌንሱ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ ክብ መስታወት ነው፤ ቁጥሩም የዓይን ሐኪም በሚጽፈው በዲዮፕተር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 100ን ለቁጥሩ ማካፈል። ባለ 4 ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆናችሁ ዙሙን እስከ መጨረሻው ትስባላችሁ፤ ንቧም ሳትደነግጥ ስክሪኑን ትሞላለች። ሳስተምረው የኖርኩት ፊዚክስ በስተርጅና ጠቀመኝ፤ ጡረታዬን ግን አልጨመረውም።

ንቧ ሞላች ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል፣ ክንፏ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። «የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበው» ይሉኛል። የኔው ካሜራ ቀዳዳ ከኤፍ 8 በላይ አይጠብም፤ እስከዚያ ሲጠብም ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ይበተንና ምስሉ ስል መሆኑ ይቀራል። ምስሉ የሚያርፍባት መቀበያ ቁመቷና ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር በ4 ተኩል ገደማ ናት፤ ከአንድ የተፈለፈለ ቡና ታንሳለች። ትንሽነቷ የሚበጀው ለአንድ ነገር ነው፤ ከትልልቆቹ ካሜራዎች ይልቅ ከፊት እስከ ኋላ ብዙ ታጠራለች። ምስጋናዬ እዚህ ላይ አበቃ።

ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ወገብ ነው። ትንፋሽ ይዞ፣ ጠጋ ራቅ እያሉ፣ ደጋግሞ መተኮስ ነው። ጉንዳን ባለበት አገር ተንበርክኮ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ የኢሉባቦር ሰው ያውቀዋል። እኔ የማነሳው አንዱን ነው፤ ወንድሞቹ ሱሪዬ ውስጥ ናቸው። ቡናችን ደግሞ የጥላ ቡና ነው፤ ከዋንዛው ሥር ብርሃን በልመና ነው። ፍላሹን ባበራ ረጅሙ ሌንስ ይጋርደዋል። ነጭ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ብርሃኑን ማለዘቢያ አበጀሁለት፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ጀሪካኗን ትፈልጋለች። በዚህ ላይ የጎሬ እርጥበት አለ፤ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። የማይፈታ ሌንስ ከሻገተ ማን ይጠርገዋል? ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እየለመንኩ፣ ካሜራውን በጣሳ ከድኜ አሳድረዋለሁ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» ይላል አላፊው። ጉንዳን እያነሳሁ ነው ስለው፣ «ሰው ጠፍቶ ነው?» ይላል። ባለቤቴም፣ «አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ልጆችህን አንድ ቀን እንኳ አንስተሃል?» ትላለች። የልጅ ልጆቼ አይቆሙም፤ ሸረሪት ትቆማለች።

ሰፋ አድርጎ የሚያይማ ሞልቷል። እንግዳው ሶር ፏፏቴን አንስቶ ይሄዳል። የያዩን የቡና ጫካ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር መዝገብ አስፍሮታል። ጎሬም ቢሆን ተራዋን ታይታለች፤ በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ እነ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የቆዩት እዚሁ ነበር፣ ጣሊያን በኅዳር 1929 እስኪገባ ድረስ። ግን እስቲ ከዚህ ሁሉ ተመልካች የቡናውን ቅጠል የገለበጠ ማን ነው? ትልቁ ጅማት ከትንንሾቹ በሚገናኝበት ብብት ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ከሸረሪት ወገን የሆኑ፣ በዓይን የማይለዩ ፍጥረታት ይኖሩባቸዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የለቀምኩት ቡና ለካ ቤት አከራይ ነው! ልጄ ጉድጓድ ካማረው ይምጣ፤ ቅጠሌ ሥር አለኝ።

አሁን የሳቁብኝ ሁሉ ቅጠል ይዘው ይመጣሉ፤ «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ።» ብርቱካናማ ዱቄት ካየሁባት የቡና ዝገት በሽታ ጀምሯታል እላለሁ። አላስከፍልም። የሚያናድደኝ ከቅጠሉ ጋር፣ «እግረ መንገድዎን አንድ ጉርድ ፎቶ» የሚለው ነው። በዚህ መነጽር በ25 ሴንቲ ሜትር የሚነሳ ሰው ጉርዱ የአፍንጫው ብቻ ነው፤ በአፍንጫ ደግሞ መታወቂያ አይሰጥም። ጉርድ ፎቶ የፈለገ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሳፍሮ መቱ ይውረድ። የኢሉባቦርን ዋና ከተማነት ከጎሬ ወስዳ የለ? ጉርድ ፎቶውንም አብራ ትውሰደው።