ማኅተም የሌለው መስኮት

ኦፊሴላዊ ያልሆነ የቻት መጠቅለያ እንደ ስላክ ያለውን በድረ ገጽ የሚሠራ የቡድን መነጋገሪያ የራሱ መስኮትና አርማ ሰጥቶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። የሶደሬ ፍል ውሃ ራሱ ከመሬት ይፈልቃል፤ የሰው ድርሻ አጥሩና የመግቢያ በሩ ነው። የመጠቅለያ ሠሪውም ድካም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለመጠቅለያ ሥራ የተለመደው መሣሪያ ኤሌክትሮን በ2013 እ.ኤ.አ. በጊትሀብ ኩባንያ ውስጥ «አቶም ሼል» ተብሎ ተጀመረ። አንድ ገጽ ለማሳየት ሙሉ የክሮሚየም ብሮውዘር ተሸክሞ ይመጣል። ያልተነበቡ መልእክቶች ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከገጹ ርዕስ ይለቀማል፤ የድረ ገጹ ባለቤት ርዕሱን የቀየረ ዕለት ቆጣሪው ዝም ይላል፤ አቤት የሚባልበት ቢሮም የለም።

የስላክ ኦፊሴላዊ የዴስክቶፕ ፕሮግራምም የተሠራው በዚያው በኤሌክትሮን ነው፤ ልዩነቱ ማኅተሙ ነው። ለዕቅድ ግምገማ ሶደሬ የወረደ ቡድን ግን ላፕቶፑ በዚህ የብሮውዘር ሸክም ሲንቀራፈፍበት የሚወቅሰው ኔትዎርኩን ነው።