የቀዳዳ አለመጥፋት ሕግ፦ በአፍንጮ በር ግቢዎች የክረምት ሥራ ላይ የተደረገ ጥናት

ክረምት መቼ እንደሚገባ የሚናገሩ ሦስት ባለሥልጣናት አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል ትላለች። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን በጅምላ ክረምት ይሉታል። ከፒያሳና ከስድስት ኪሎ መሃል ዳገቱ ላይ የተቀመጠው አፍንጮ በር ግን የራሱ መለኪያ አለው፤ እዚህ ክረምት ገባ የሚባለው የመጀመሪያው ሳፋ አልጋ ላይ ባደረ ሌሊት ነው። ይህ ጥናት የሚከተለው ሦስተኛውን አቆጣጠር ነው።

የጥናቱ መስክ ግቢ ነው። ግቢ ስንል በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበት፣ ግድግዳ የተጋሩ ክፍሎች በረድፍ የቆሙበት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ አንድ ሽንት ቤትና ብዙ አስተያየት ያለበት ቦታ ማለታችን ነው። የክረምት ሥራ የሚባለውም የታወቀ ነው፤ ጣራ መድፈን፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ቦይ መክፈት፣ የረገፈ ምርጊት መመለስ፣ ያዘመመ አጥር ማቃናት፣ ሙጃና ሳማ ማጨድ፣ ከሰሉን ከእርጥበት ማሸሽ። ሁሉም ተደማምሮ አንድ ጤነኛ ጎረምሳ በሳምንት የሚጨርሰው ነው። ግቢው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ይዞት ይከርማል። የተረፈው ጊዜ የት ይገባል? ጥናቱ የሚመረምረው ይህንን ነው።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው። ተመራማሪው ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተመልክቷል። አካፋ እንዲይዝ በተጠየቀ ቁጥር የሳይንስ ገለልተኛነት እንደማይፈቅድለት አስረድቷል። የግቢው እናቶች ይህን ማብራሪያ እንዴት እንደተቀበሉት መዘርዘር ለጥናቱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ታሪኩን ሳያነሡ ጣራ ላይ መውጣት አይገባም። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀና ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ነገሩን አስቀረው። የታሪክ መጻሕፍት ይህን እንደ ውለታ ይቆጥሩታል። የአፍንጮ በር ነዋሪ ግን የግድግዳው ማገር፣ የጣራው ወራጅና የአጥሩ ቋሚ ሁሉ ባሕር ዛፍ መሆኑን እያየ፣ ዛፉ ያኔ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣራ ዛሬ አዲስ ዓለም ላይ በሌላ ሰው አናት ያፈስ እንደነበር ያስባል።

ከዛፉ ይልቅ ግን ከባድ መዘዝ ያመጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ይህ አዋጅ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ስለ አዋጁ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወሩ ግን በቂ አልተባለም። ሐምሌ 19 ዝናቡ የሚብስበት ሰሞን ነው። መንግሥት ቤቶቹን የተረከበው እያፈሰሱ ነው ማለት ነው። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። እናም በአንድ ጀንበር የቀዳዳው ባለቤት ተለወጠ፤ የሚንጠባጠብበት ሰው ግን ያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ «እንዴት ይሠራ?» መሆኑ ቀርቶ «የማን ነው?» ሆነ። ተከራይ ባለቤቱ ያድስ ይላል። ባለቤት የሚባለው አካል በበኩሉ ከአንዳንድ ክፍሎች የሚቀበለው ኪራይ በቅርብ ዘመን ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ የማይገዛ ነበር፤ በዚህ ክፍያ ማንንም ደፍሮ መውቀስ ያሳፍራል። ተከራዩ ከኪሱ አውጥቶ እንዳያድስ ደግሞ ቤቱ የእሱ አይደለም። በዚህ መሃል ዝናቡ ባለቤትን ሳይጠይቅ ይገባል።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። የአፍንጮ በር ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ከዝገቱ በላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና እግር የሌለው ወንበር ተጭኖበታል። እነዚህ ለነፋስ ናቸው። ለዝናብ ሬንጅ አለ። ከጣራው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ ይገኛል፤ ዝናቡ ሲጠና ውሃ ይቋጥርና እንደ እርጉዝ ሆድ ይወጠራል። የተወጠረውን ኮርኒስ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ነካ አድርጎ ውሃውን ቀጥ ብሎ ሳፋ ውስጥ ማውረድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጀማሪ ከነካው ውሃው አልጋው ላይ ይወርዳል።

ኮርኒስ በሌለው ማድቤት ችግሩ ሌላ ነው። ቀዳዳው ከውስጥ ላለ ሰው ቀን ቀን ብርሃን ስለሚያስገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጣራው ላይ ለወጣ ሰው ግን ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ነው። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ስንደዶ ነው። የቤቱ እመቤት በርጩማ ላይ ቆመው ከውስጥ በቀዳዳው ስንደዶ ያሾልካሉ። የሬንጅ ጣሳ አንጠልጥሎ የወጣው ልጅ ከላይ ሆኖ ስንደዶውን ይፈልጋል። ውይይቱ ቃል በቃል ይኸው ነው፦

«አየኸው?»

«ኧረ አላየሁም እማማ።»

«አጠገብህ ነው እኮ! እየነቀነቅሁት ነው!»

«የት ጋ?»

«እኔ ጋ ነዋ!»

ስንደዶው በመጨረሻ ይገኛል፤ ሬንጁም ይቀባል። ነገር ግን ልጁ ፍለጋ ላይ ሳለ ጣራውን ከዳር እስከ ዳር ረግጦታል፤ በረገጠው ቁጥር ሚስማር ላልቷል፤ ጣራው ደግሞ የረድፉ ሁሉ የጋራ ነው። ከሁለት ክፍል ወዲያ «ማነው ጣራዬ ላይ?» የሚል ድምፅ ሲሰማ አዲሱ ቀዳዳ ሥራ ጀምሯል። ፊዚክስ ኃይል አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል ብሎ እንደሚያስተምረው ሁሉ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ቀዳዳም አይጠፋም፤ ክፍል ይለውጣል። ተመራማሪው ይህን ሕግ በማንኛውም የቀበሌ ቤት ረድፍ ላይ ለማስመስከር ዝግጁ ነው፤ መሰላል ከተገኘ።

የሥራ ሰዓትን በተመለከተ የተፈጥሮና የባህል መርሐ ግብሮች ተጋጭተዋል። በአዲስ አበባ ክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ፀሐይ ብልጭ ትላለች፤ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ለጣራና ለቦይ ያለው ዕድል ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ሰዓት ግን ቀድሞ በቡና ተይዟል። አቦሉ ሲጠጣ ሥራው በዝርዝር ይወራል። ቶናው ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ይደለደላል። በረካው ሲቀዳ ከእንጦጦ በኩል ደመናው ይወርዳል። አቦሉን አቋርጦ አካፋ የሚያነሣ ሰው ሊኖር እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አይካድም።

ቡናው ባይኖርም በዓሉ አለ። በወሩ 5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር። በእነዚህ ቀናት ዶማ መሬት ሲመታ መስማት ደግ አይደለም። የሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ዓርብን ይጨምርበታል፤ ብቻውን ቦይ ሲቆፍር መታየትም አይሻም። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባና አቅም ይጠፋል። ነሐሴ 13 ቡሄ ይሆናል፤ ከቡሄ ወዲያ ክረምት እንደሌለ አባቶች ተናግረዋልና ሥራውን መጀመር ትርጉም ያጣል። ደመናው አባቶች የተናገሩትን አልሰማ ኖሮ ከዚያ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ያዘንባል።

የጥናቱ አስቸጋሪ ክፍል የውሃ ፖለቲካ ነው። አፍንጮ በር ዳገት በመሆኑ የላይ ግቢና የታች ግቢ አለው። የላይ ግቢ ቦዩን ሲከፍት ውሃው የታች ግቢን አጥር ሥር ቦርቡሮ ይገባል፤ የታች ግቢ አፉን በድንጋይ ሲደፍነው ውሃው ተመልሶ የላይ ግቢን ሽንት ቤት ይጎበኛል። ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች የተጻፈው ሁሉ እዚህ ቦታ አይሠራም። በዓባይ ጉዳይ ግብፅና ሱዳን በ1959 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሃውን ለሁለት ሲከፋፈሉ፣ ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲፈራረሙ፣ የፈሩት ውሃው እንዳይቀርባቸው ነበር። የአፍንጮ በር የታችኛው ተፋሰስ ግን አንዲት ጠብታም አይጠይቅም። የላይኛው ተፋሰስ ደግሞ ድርሻውን ጭምር በነጻ ለመስጠት ተዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ ልግስና እንዲህ ያለ ጠብ ሲያስነሣ በዓለም አቀፍ ሕግ መጻሕፍት አልታየም። ሽማግሌ ተቀምጦ የተደረሰበት ስምምነት ቦዩ ለሁለቱም በሚያመች መንገድ እንዲቀደድ ነው፤ በተቀደደበት ምሽት ግን ውሃው ስምምነቱን ሳያነብ በድሮው መንገዱ ሄደ።

ሣሩ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሙጃው ሐምሌ ላይ ጉልበት ይደርሳል፤ ሳማው ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ ይይዝና ሌሊት በነጠላ ጫማ ለሚወጣ ሁሉ መኖሩን ያሳውቃል። ማጭድ አለ። የማይታጨደው «ለእንቁጣጣሹ በግ ይሁን» በሚል ነው። በጉ በጳጉሜን መጨረሻ ተጎትቶ ይመጣና ሙጃውን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፤ የሚበላው የማን እንደሆነች የምትታወቀዋን የጎመን መደብ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ጤና አዳሟን።

ምርጊትን በሚመለከት ባለሙያዎች ያለ ልዩነት የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ጭቃ የሚቦካው በበጋ ነው። አፈሩ ይታመሳል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ጠጥቶ ይሰነብታል፣ እየተረገጠ ይበስላል፣ ከተመረገ በኋላም ፀሐይ ይፈልጋል። ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘው ምርጊት በመጣበት መንገድ ወደ መሬት ይመለሳል። ሆኖም በየዓመቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሰው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚካሄደው በክረምት ነው፤ ወጣቱ ትምህርት የሚዘጋለት ያኔ ነውና። ደግሞም ጭቃ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። እነዚህ ልጆች ዝናብ እየወረደባቸው ቆርቆሮ ሲመቱ ያየ ሰው በዘዴው ላይ መቀለድ ይከብደዋል፤ ጥናቱም ትንሽ ይሞክርና ይተወዋል።

የጥናቱ መስክ እየጠበበ መምጣቱም መመዝገብ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ደጃች ውቤ ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ፤ ብዙ ግቢ ከነአሸንዳው ሄደ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። እዚያ ጣራው የጋራ፣ ሣሩ የማኅበሩ ነው፤ ጤና አዳም በቀለም ጣሳ በረንዳ ላይ ይበቅላል። ታዲያ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና የጋበዙኝ አንዲት የቀድሞ የፒያሳ ሰው በዓይናቸው ወደ መታጠቢያ ቤታቸው ኮርኒስ ጠቆሙኝ። ቢጫ እርጥበት ይዞታል። የሚወርደው ከአምስተኛው ፎቅ ነው። «ያኛው እኮ መስከረም ሲጠባ ይተወኝ ነበር» አሉ፣ «ይኸኛው ጾም የለው፣ በዓል የለው።»

ለአፍንጮ በሩ ግቢ የጣራ ገንዘብ የተዋጣው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቆርቆሮ ከመርካቶ እንዲመጣ ተወሰነ፤ ማን ይግዛ፣ ማን ይሸኝ፣ ከየትኛው ክፍል ይጀመር በሚለው ላይ ስብሰባው እየተቀጠረ ነሐሴ አለፈ። መስከረም ሲጋመስ ዝናቡ አባራ፤ ጣራው ማፍሰሱን አቆመ፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ «ችግሩ በመወገዱ» ተብሎ ተጻፈ። ገንዘቡም ለመስቀል ቅርጫ እንዲውል ያለ ተቃውሞ ተወሰነ።

የቅርጫውን ዕለት ተመራማሪው ከበርጩማው ሆኖ ተከታትሏል። በሬው ተጥሎ፣ ኮባ ቅጠል ተነጥፎ፣ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም ከጨጓራውም እኩል እኩል እየተቆረጠ ለየአባወራው መደብ ተመደበ። የላይ ግቢም የታች ግቢም ነበሩበት። ቢላ የያዘው አንዱ፣ የሚመድበው ሌላው፣ ዝንብ የሚያባርረው ልጅ ደግሞ ሦስተኛው ነበር፤ ማን ምን ይሥራ ብሎ የጠየቀ የለም። ዕጣ ወጣ፤ ሁሉም የደረሰውን አንሥቶ ገባ። አቦሉ እንኳ ገና አልተቀዳም ነበር። ይህ ግኝት ጥናቱ ከደረሰበት ውጤት ጋር ስለሚጋጭ በአባሪ እንዲቀመጥ ተደርጓል።